ወንዶቹ እናትን ሲጫወቱ ክፍሉ በሳቅ ለሚቋረጥብዎት መምህር

አለባበስና ድምፅ መቀየርን ይከልክሉ። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ነጠላ ሳይደርብና ድምፁን ሳያቀጥን፣ እናትየዋ የምትፈልገውን በራሱ አንደበት ብቻ ይናገር፤ ተማሪዎቹን የሚያስቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ማስመሰሉ ነውና።

ትዕይንቱን ከጅማ ኑሮ ይውሰዱት፦ የቡናው ገንዘብ ገብቷል፣ አባት ሴት ልጁን ሊድር ያስባል፣ እናት ግን ትምህርቷን እንድትቀጥል ትሻለች። መጀመሪያ እንደተለመደው ያጫውቱት፤ ቀጥሎ አባትን የተጫወተው ልጅና እናትን የተጫወተችው ልጅ ሚና ይቀያየሩ፤ በመጨረሻም ከተመልካቾቹ አንዱ «ቁም!» ብሎ ተዋናዩን እንዲተካና ሌላ መውጫ እንዲሞክር ይፍቀዱ። ይህ ተመልካች ተዋናዩን የሚተካበት ስልት የብራዚላዊው የትያትር ሰው የአውጉስቶ ቦአል ነው። ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን በውይይቱ ላይ ያንሱት እንጂ በተዋናዩ አፍ አያስገቡት፤ ሕግ የሚጠቅስ ገጸ ባሕርይ ትያትሩን ይገድለዋል።

ወላጅ ቢያጉረመርም፣ በአገራችን የዘመናዊ ትያትር ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች እንደነበሩ ይንገሩት።

ከልምድ የማሳስብዎት አንድ ነገር አለ፦ ማንም ተማሪ ስለ ራሱ ማንነት ወይም ስለ ቤቱ ምስጢር እንዲናገር አይጠይቁ፣ ከሚናውም ተነሥተው ስለ ልጁ አይገምቱ። ጥያቄው ሁሉ «ገጸ ባሕርይዋ ለምን ዝም አለች?» በሚል መንገድ ይቅረብ፤ በክፍል የተነገረ የግል ጉዳይ ከደወሉ በፊት ግቢውን ያዳርሳል።