በግንቦት ያያችሁት መሬት በመስከረም ውሃ ነው

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ ባህር ዳርና ጣና ዙሪያ ሳይት ላይ ለተሰማራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ሆቴሉም፣ ሎጁም፣ አፓርታማውም ሐይቅ ዳር መሆን ይፈልጋል። ሥራ በማግኘታችሁ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፦ ሕንፃውን ከመሳላችሁ በፊት የውሃውን መንገድ ሳሉ። ከየት ይመጣል፣ የት ይተኛል፣ በየት ይወጣል?

ሰርቬይ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በበጋ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ፣ መኪናም ሲገባ። ጣና ደግሞ በጣም ዝቅ የሚለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ከፍ የሚለው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረም ነው። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይደርሳል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዳርቻው ሜዳ ነው። መሬቱ በ100 ሜትር 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ውሃው 150 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በግንቦት ከብት ሲግጥበት አይታችሁ፣ ባዶ መሬት ነው ብላችሁ መኪና ማቆሚያ ያደረጋችሁት ቦታ ክረምት ላይ አምባዛ እንቁላል የሚጥልበት ረግረግ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሳይት ላይ ጠባቂው፣ አዛውንት ናቸው፣ እጄን ይዘው ወደ አንድ ዋርካ ወሰዱኝ። ግንዱ ላይ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ግራጫ መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በታች የደረቀ ደለል፣ ቅርፊቱ መሐል ደግሞ የተሰካካ የደንገል (ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም የውሃ ተክል) ስብርባሪ። «እስከዚህ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ፕላኑ ላይ እዚያ ጋ የጄኔሬተር ቤት ነበር። ቦታውን ቀየርነው። እናንተም ዓሣ አስጋሪውን፣ ታንኳ ሠሪውን፣ ገበሬውን ጠይቁ፤ ከዚያ በመስከረም ቦት ጫማ አድርጋችሁ ራሳችሁ ግቡበት።

ሁለተኛው ውሃ ራሳችሁ የምትፈጥሩት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። ግቢው 2,000 ካሬ ሆኖ ሁሉም ጣሪያና በሲሚንቶ የታሰረ ንጣፍ ከሆነ፣ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 100 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣችኋል። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን አሥር ቦቴ፣ ያውም በአንድ ከሰዓት። ያንን ሁሉ በአንድ ቱቦ ጎረቤት ላይ መልቀቅ ወይም ቀጥታ ደንገሉ ውስጥ መድፋት መፍትሔ አይደለም።

«የመምጠጫ ጉድጓድ እንቆፍራለን» የሚል ፎርማን አይጠፋም፤ ውሃው ወደ መሬት እንዲሰርግ ማለቱ ነው። መሬቱ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ከሆነ ተጠንቀቁ። መረሬ በጥር ተሰነጣጥቆ የሰጣችሁትን ሁሉ ይጠጣል፤ አንዴ ሲርስ ግን ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ወደ ላይ ይመጣል። ስለዚህ በጥር ሙከራውን ያለፈ ጉድጓድ በነሐሴ ሞልቶ ይፈሳል። እዚህ የሚያዋጣው ውሃውን ከላይ መያዝ ነው፦ ሣር የለበሰ ሰፊ ቦይ፣ ከዚያ ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ በጠባብ መውጫ ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ሲሞላም የሚፈስበት የታወቀ መንገድ ያለው። ከመኪና ማቆሚያው የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ የዘይት ማጥለያ ይለፍ።

ሴፕቲክ ታንኩንም፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን፣ አትርሱ። የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ባለበት ባዶ ታንክ ከመሬት ተነስቶ ይንሳፈፋል፤ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ፍሳሹ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ጣና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከእምቦጭ አረም ጋር እየታገለ ነው፤ እምቦጭ ደግሞ እንዲህ ያለ ፍሳሽ ውስጥ በሚገኘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው የሚፋፋው። ያንን የሚያጣራልን፣ ደለሉንም የሚይዝልን ደንገሉ ነው። እኛ ግን ገረጋንቲ እየደፋን እንቀብረዋለን። ዘንድሮ አንዱ አሥር ሜትር ይሞላል፣ ለከርሞ ሌላው አሥር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፣ ሙሌትም እንዲያ ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት የተለየ አካባቢ) ሆኖ ተመዝግቧል፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ግምገማውን ለፈቃድ ማሟያ ብላችሁ ከሌላ ፕሮጀክት አትገልብጡ። በጣም ነው የማዝነው እንዲህ ያለ ሰነድ ሳይ።

ባለቤቱ «ዝም ብለህ ሙላው» ሲላችሁ አትጨቃጨቁ። ሙሌቱ፣ የድጋፍ ግንቡ፣ በየዓመቱ ውሃ ለመምጠጥ የሚወጣው ነዳጅ ስንት እንደሆነ በብር አስልታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት። ከዚያ ሕንፃውን ወደ ኋላ ብትስቡት ስንት እንደሚተርፍ አሳዩት። አብዛኛው ሰው ቁጥር ሲያይ ይሰማል። የማይሰማም አለ፤ እሱ ላይ ፊርማችሁን አታስቀምጡ።

ቁፋሮ በሐምሌ አትጀምሩ። የግድ ከሆነ መሬቱን በአንዴ አትግፈፉት፣ የአፈር ክምሩን ከቦይ አርቁት፣ ሸፍኑት፣ ከሳይቱ የሚወጣው ውሃ ደለሉን የሚጥልበት ጉድጓድ ከመሠረቱ በፊት ይቆፈር። ሥራውን ስታስረክቡም ቦዩና ኩሬው በየዓመቱ በግንቦት እንዲጠረጉ፣ ማን እንደሚጠርግና ደለሉ የት እንደሚደፋ ለባለቤቱ በጽሑፍ ስጡት።