ጥያቄና መልስ፦ ጦሳን የወጣ ሰው ቤሴገንን ይችላል?

ጥያቄ፦ በሐምሌ ኖርዌይ ያለችው እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ቅዳሜና እሑድን በመኪና ሄደን ቤሴገን የሚባለውን ተራራ እንድንወጣ አስባለች። የደሴውን ተራራ ጦሳን ለለመደ ይከብዳል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከፍታው አያሳስብዎ። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 1743 ሜትር ነው፤ የኖርዌይ ረጅሙ ተራራ ጋልድሆፒገን እንኳ 2469 ሜትር ስለሆነ ከደሴ ከተማ ጋር ይቀራረባል። ፈተናው ርዝመቱና ብርዱ ነው፦ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የእግር ጉዞ ይፈጃል።

ከኦስሎ በመኪና 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዓርብ ሄዳችሁ እዚያው እደሩ። ጠዋት በሐይቁ ዳር ካለው መነሻ፣ ከዬንደስሃይም፣ እዚያው ሐይቅ ዳር ወዳለው ሜሙሩቡ በጀልባ ሂዱና በተራራው ላይ በእግር ተመለሱ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ ገደላማውን ሸንተረር ቁልቁል ትወርዱታላችሁ፤ የመጨረሻዋ ጀልባ እንዳታመልጣችሁም ትጣደፋላችሁ። ትኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ።

አጥብቀን የምናሳስብዎ ልብሱን ነው። ጋቢም ሆነ የጥጥ ካናቴራ ይቅር፤ ጥጥ ላብና ዝናብ ይዞ ስለሚቆይ ንፋስ ሲያገኘው ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ዝናብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ይልበሱ፤ ጓንትና ኮፍያ በሐምሌም ያስፈልጋሉ። አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል፤ ከአሁኑ ይግዙና 6 ኪሎ ያህል ተሸክመው ጦሳን ይውጡበት። መውረዱን ይበልጥ ይለማመዱ፤ ጉልበት የሚከዳው ቁልቁለት ላይ ነው።

መንገዱን ድንጋይ ላይ የተቀባ ቀይ የ«ቲ» ፊደል ይመራዎታል። ጭጋግ ወርዶ ቀጣዩ ምልክት ካልታየ ወይም ንፋሱ አላስቆም ካለ ሸንተረሩን አይጀምሩት፤ ከሜሙሩቡ በጀልባ ወይም በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ይመለሱ።