በጎጃም የሕፃናት ክትባት ጥናት ለምትጀምረው እኅቴ፦ ሰማንያ ቀኑን አስቀድመሽ ቁጠሪ

እኅቴ፣ «ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታ ሥርጭት ጥናት፣ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በሕፃናት የክትባት ሙከራ ጥናት የመስክ አስተባባሪ ሆኜ ልጀምር ነው፤ ምን ላስብበት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ናሙና መጠንና ስለ ሶፍትዌር ጽፈውልሻል። እርሱን ትምህርት ቤት ተምረሽዋል። እኔ በዚያው ሥራ፣ በዚያው አገር ሦስት ዓመት ተኩል ጫማ ጨርሻለሁና የተቃጠልሁበትን ልንገርሽ። ያንቺም ጥናት እንደ እኛው የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ ክትባት እንደሚሆን እገምታለሁ። ባይሆንም ገጠሩ ያው ገጠር፣ አራሷም ያችው አራስ ናት።

1. ደብዳቤ። ክልሉ ለዞን፣ ዞኑ ለወረዳ፣ ወረዳው ለጤና ጣቢያ ይጽፋል፤ ሁሉም የራሱን ማኅተም ካላሳረፈ አይተኛም። ዋናውን ለማንም አትስጪ፣ ቅጂውን ስጪ። ቀበሌ ስትደርሺ ግን የምታስገባሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ከእርሷ ጋር ቡና ሳትጠጪ ቤት ለቤት ብትዞሪ የሚቀበልሽ ውሻ ብቻ ነው።

2. ዕጣ። ሕፃናቱ ወደ አዲሱ ወይም ወደ ነባሩ ክትባት በዕጣ እንደሚመደቡ ለእናቶች ማስረዳት ነበረብኝ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ «ልክ እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው» አልኋቸው። ወዲያው ገባቸው። የሚችሉት ፈረሙ፣ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው አተሙ፤ እኔም ለአለቆቼ በኩራት ሪፖርት ጻፍሁ። ወር ሳይሞላ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣችና «የእኛ ተራ መቼ ነው?» አለችኝ። የምን ተራ? የአዲሱ ክትባት ተራ ነዋ! ዕቁብ ውስጥ የሚዘገይ እንጂ የሚቀር ሰው የለም። በዚያ ምሳሌ የፈረሙትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ ሄደን እንደገና አስረድተን እንደገና አስፈረምን። ሁለት ቤተሰብ ወጡ፤ መብታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሳንቲም ወርውሬ «ዘውድና ጎፈር» እላለሁ። የደም ናሙና ካላችሁ ደግሞ መጠኑን በሻይ ማንኪያ አሳዪያቸው። ሚሊሊትር ብትያቸው ሰፈሩ በጠርሙስ ቆጥሮ ያወራብሻል።

3. የልደት ቀን። ባላገር ልጁ የተወለደበትን ቀን አያውቅም የሚልሽን አትስሚው። አሳምሮ ያውቃል፤ የሚቆጥረው ግን በበዓል ነው። «በጥቅምት ማርቆስ» ካለችሽ ጥቅምት 30 ማለቷ ነው። ጣጣው የመጣው ከእኛው ኮምፒውተር ነበር። መረጃ አስገቢው ልጅ 30/02 ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ እምቢ አለው፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውማ! ልጁም ሳይጠይቀኝ 28 አድርጎ አለፈ። ጳጉሜን የተወለዱትን ነሐሴ ውስጥ ሰገሰጋቸው። በዚህ ሰበብ የ40 ቀን ሕፃናት 42 ቀን፣ ማለትም ለጥናቱ መግቢያ የሆነው 6 ሳምንት እንደሞላቸው ተቆጥረው ገቡ። ቀኑ ወረቀቱ ላይ በእኛው አቆጣጠር ይጻፍ፤ መቀየሩን ለማሽኑ ተዪለት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀን ስንቆጥር ከርመን ነው ዋናውን ቀን ሳንቆጥር የቀረነው።

በሥራው በሁለተኛው ወር መዝገቡን ሳገላብጥ ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ወንድ ይላል። «ጎጃም ሴት መውለድ ትታለች እንዴ?» ብዬ ቀለድሁ። ቀልዱን ቤት ይቁጠረው። በማግሥቱ ከደብረ ማርቆስ በላይ፣ ወደ ጮቄ መውጫ ካለ ቀበሌ ሄድሁ። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኅዳር ሚካኤል ሴት ልጅ ወደተወለደችበት ቤት ወሰደችኝ። አራሷ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች፤ ከትራሷ ሥር የቢላዋ እጀታ ብቅ ብሏል። አያትየዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ።

«እማማ፣ ልጅቱን ጤና ጣቢያ ብናደርሳት?»

«ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አላወጣትም፤ ምችም አለ፣ ዓይንም አለ» አሉኝ እንዝርቱን ሳያቆሙ። «እናንተ ጊዜ የላችሁም እንጂ እርሷ ጊዜ አላት።»

እዚያው ቆሜ በጣቴ ቆጠርሁ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ 6 ሳምንት ደግሞ 42 ቀን ነው። ወንዶቹ ከክርስትና በሁለተኛው ቀን ክትባታቸው ይደርሳል። ሴት ልጅ የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። ይህች የኅዳር ሚካኤል ልጅ 80 ቀን የሚሞላት የካቲት መጀመሪያ ላይ ሲሆን እኛ ግን የምዝገባ በራችንን በ8 ሳምንት፣ ጥር 8 ቀን እንዘጋባታለን። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው አልልሽም፤ ከተማው አካባቢ በመኪና የሚያመጡ አሉ። ገጠሩ ግን ሴቶቹን እቤት አስቀምጦ ወንዶቹን ይልክልን ነበር።

የ8 ሳምንቱን ገደብ ያስቀመጠው ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ እንዴት ባማሁት! ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ደጀን የተወለድሁ፣ የእኅቶቼን የሰማንያ ድግስ የበላሁ የጎጃም ልጅ። ምክንያት ነበረኝ። በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው የመጀመሪያው የሮታ ክትባት፣ አንዱን የአንጀት ክፍል ወደ ሌላው የሚሸጉጥ አደገኛ ሕመም በማስከተሉ በዓመቱ ከገበያ ወጥቷል። በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም በመፍራት የመጀመሪያው ጠብታ ከ15 ሳምንት በፊት እንዲሰጥ ይመክር ነበር። እኔ ጥንቃቄ ላብዛ ብዬ 8 ላይ አጠርሁት። 80 ቀን 11 ሳምንት ከ3 ቀን ነው፤ 15ቱን እንዳለ ብተወው አንዲትም ልጅ ባልቀረችብኝ።

«ወንዶቹ ቢበዙስ ምን አለበት?» ያለኝ ባልደረባ ነበር። የጊኒ ቢሳውን ነገር ስላልሰማ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለው የኩፍኝ ክትባት ለጨቅላዎች እንዲሰጥ በ1989 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት መክሮ ነበር፤ ከኩፍኝም ይከላከላል። ነገር ግን የዴንማርኩ ተመራማሪ ፒተር አቢና ባልደረቦቹ ጊኒ ቢሳው ውስጥ የተከተቡትን ሕፃናት ከዓመት ዓመት ሲከታተሉ፣ ክትባቱን የወሰዱ ሴት ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ ሲሞቱ አገኙ። ሴኔጋልም ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ምክሩ ተሻረ። ወንድና ሴቱ ለየብቻ ባይቆጠር ማን ያውቅ ነበር? የእኔ መዝገብ ቢሆን ከነጭራሹ የሚቆጠር ሴት የለበትም።

ገደቡን ለማሻሻል እንደገና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እኅቴ፣ መከራው እዚህ ላይ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ድረስ ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል፤ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ። በመጀመሪያው ቀን ሰብሳቢው የሉም ተባልሁ። በሁለተኛው ፋይላችን ጠፋ፤ በኋላ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ተገኘ፣ ክቡ ምልክት አሁንም ሽፋኑ ላይ አለ። በሦስተኛው ቀን መዝገብ የያዘው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ክርስትናን ከሳይንስ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ ውጭ አገር የተረጋገጠ ክትባት እዚህ ምን ያስሞክራል?» አለኝ። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። አንዱ የሮታ ክትባት፣ በአንድ ጥናት፣ ከባድ ተቅማጥን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 77 ከመቶ፣ ማላዊ ውስጥ ግን 49 ከመቶ ብቻ እንደተከላከለ ቆሜ ነገርሁት። በአፍ የሚሰጥ ክትባት ከእናት ጡት ወተት፣ ከምግብ እጥረትና ከአንጀት ተውሳክ ጋር እየታገለ ነው የሚሠራው፤ የሌላ አገር ውጤት ለእኛ ልጅ ዋስትና አይሆንም። ሰውየው «አምስት ቅጂ አምጣ» አለኝ።

ፈቃዱ ሲመጣ በጋው አልቆ ነበር። ሮታ አገራችን ውስጥ የሚበረታው በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ አንድ ሙሉ ወቅት አመለጠን፤ የአምስት ሠራተኞችን ውልም ማራዘም አልተቻለም።

4. ቄሱ። እዚህ ላይ ልኩራ። ክርስትና ሊያስነሣ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ደብሩ ቄስ ይሄዳል፤ የትኛዋ ልጅ መቼ 80 ቀን እንደሚሞላት ከጤና ኬላው መዝገብ ይልቅ አባታችን ያውቃሉ። ቀርቤ አስረዳኋቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ «ልጆቻችሁን ካስነሣችሁ ወዲያ ክትባቱን አትርሱ» ብለው ማሳሰብ ጀመሩ። ስለ መደበኛው ክትባት ብቻ እንዲናገሩ ግን ተጠንቀቂ፤ ጥናቱን ቄሱ ካዘዙት ማንም እምቢ አይልምና የፈቃደኝነቱ ነገር ይበላሻል። የሴቶቹ ቁጥር በሦስት ወር ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተስተካከለ።

ስለ ማቀዝቀዣና ስለ በረዶ ሣጥን ሥልጠናው ይነግርሻል፤ እኔ አልደግምልሽም። ፕሮቶኮላችሁ፣ ማለትም የጥናቱ ዝርዝር ዕቅድ፣ ገና ለኮሚቴ ካልገባ ግን የዕድሜው የላይኛ ገደብ የተጻፈበትን ገጽ ዛሬ ማታ ክፈቺና ስንት ቀን እንደሚል እዚሁ ጻፊልኝ። ከ80 በታች ከሆነ እኛ ያስገባነውን የማሻሻያ ደብዳቤ እልክልሻለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ ምልክት የሌለበትን ቅጂ።