ደሴ ያለው የድሮ መጽሐፍ ቤት ያዋጣል ወይ ላልሽው

«ኮምቦልቻ ነው የደረሰኝ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ደሴ አንድ የቆየ መጽሐፍ ቤት አለ ይላሉ፤ ለመጽሐፍ ብዬ የሐረጎን ዳገት ልውጣ ወይስ የቴሌግራሙ ፒዲኤፍ ይበቃኛል?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ደሴ ስማር የቤቱ ደንበኛ ነበርኩ፤ አሁንም ለሥራ ብቅ ስል ሳልገባ አላልፍም። ነዪ እልሻለሁ። አገባቡን ካላወቅሽበት ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ይሄ ነው እንዴ?» ብለሽ ትመለሻለሽ።

ጉዞው ቀላል ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሚኒባስም አይጠፋም። ጃኬት ያዢ፤ ኮምቦልቻ ሞቆሽ ብትነሺም ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጉሙ ይቀበልሻል። ሰኞ አትምጪ፤ ሰኞ ገበያ ስለሆነ መራመጃ የለም። ዓርብም ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።

ታፔላ አትፈልጊ፣ ፀሐይ ጨርሶታል። ከፒያሳ ዝቅ በይና የባጃጅ ሹፌር ጠይቂ። በሩ ላይ የምታዪው ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የ12ኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍና የመውጫ ፈተና ጥያቄዎች ጥራዝ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚመለሰው። አትናቂው፤ የመውጫ ፈተናው በ2015 ከተጀመረ ወዲህ የቤቱን ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ዝም ተብሎ አይገባም።

ባለቤቱን ጋሼ ነው የምንላቸው። «ልብ ወለድ አለ?» ብትያቸው ጣታቸውን ወደ በሩ መደርደሪያ ቀስረው ወደ ጋዜጣቸው ይመለሳሉ። ይልቅ መጨረሻ ያነበብሽውን ንገሪያቸው፤ ወደድሽውም ጠላሽውም። እንዳትዋሺ ብቻ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ያላነበብኩትን ወፍራም መጽሐፍ አነበብኩ ብዬ «እና አጨራረሱን እንዴት አየኸው?» ሲሉኝ ላቤ ወረደ። ሳይስቁብኝ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አንድ ቀጭን የኩራዝ አሳታሚ ኅትመት አወጡልኝ፤ ሙጫው ለቆ በመርፌና በክር የተሰፋ። «ይቺን ጨርሰህ ና፣ ከዚያ እናወራለን።»

መግዛት ግዴታ አይደለም። በቀን ሒሳብ ያከራያሉ፣ መያዣ ግን ይጠይቃሉ። ብር አስይዢ፤ የግቢ መታወቂያሽን እንዳትሰጪ! እኔ አንድ ዓርብ ማታ መታወቂያዬን አስይዤ ሄጄ በር ላይ ቀረሁ። የዶርም ልጆች መጥተው ጥበቃውን ለምነው እስኪያስገቡኝ፣ የመጽሐፉን ሩብ ብርድ ላይ ቆሜ በበሩ አምፖል አነበብኩት።

«ብዙ መጽሐፍ አለ ተብዬ መጥቼ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው። በ2014 በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ቤቱ ተሰብሮ ነበር። ኋላ ሰው ወደ ከተማው ሲመለስ ጋሼ ያገኙት የተቀደደ ወረቀትና ባዶ ጓዳ ነው። የተረፈው ተከራይቶ ያልተመለሰው መጽሐፍ ብቻ ነበር። እኔ ራሴ ሁለት መጻሕፍት ከተመረቅኩ ጀምሮ ሻንጣዬ ውስጥ ነበሩ፤ ቀኑ ሲያልፍ ጊዜ አፍሬ የተውኳቸው። ይዤላቸው ስሄድ ቅጣቱን እያሰላሁ ነበር። እሳቸው ግን መዝገቡም አብሮ ስለጠፋ ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም። «አብሽር፣ እንኳንም አልመለስክ» አሉኝ። አሁን ጓዳ ውስጥ ከምታያቸው አሮጌዎች ብዙዎቹ እንዲህ እየሆኑ የመጡ ናቸው፤ የመጨረሻውን ገጽ ብትገልጪ የኪራይ ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ ታያለሽ። ከአሥር ዓመት በላይ የዘገየም አይቻለሁ።

ዋጋ ላይ፣ አዲስ መጽሐፍ ከሆነ አትከራከሪ፤ ጀርባው ላይ ያለው ነው። አሮጌው ላይ ግን ተማሪ ነኝ ካልሽ ይቀንሳሉ። የሌለ ከሆነ ርዕሱንና ስልክሽን ጽፈሽ ተዪ፤ አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ በአውቶቡስ ያስጭናሉ፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይረሱም። የምህንድስና መጽሐፍ ግን እሳቸው ጋ አትፈልጊ። ለእሱ ፒዲኤፉ ይሻልሻል።