መንግሥቱ ወርቁ ዋንጫ ያነሡት በተጫዋችነት ነው በአሰልጣኝነት?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «መንግሥቱ ወርቁ የአፍሪካ ዋንጫን በአሰልጣኝነትም ወስደዋል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዋንጫውን ያገኙት በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በተጫዋችነት ነው። ያኔ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እሳቸውም ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ። ፍጻሜው በመደበኛው ሰዓት 2ለ2 አልቆ፣ በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛዋን በግብፅ ላይ አስቆጠሩ። በውድድሩ ባገቧቸው 3 ግቦችም ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋርተዋል።

በአሰልጣኝነት ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው የቀረቡት በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነው። በናይጄሪያ 3ለ0፣ በዛምቢያ 1ለ0 ተሸንፈው ከአልጄሪያ ጋር 0ለ0 ተለያዩ። የሚገርመው ያ ሁሉ ግብ ያገባ ሰው ያሰለጠነው ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር መመለሱ ነው። አልጄሪያ ከወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2ለ1 ያሸነፈችው ናት፤ ስለዚህ አቻው ቀላል አይደለም። እርግጥ ሁለቱን ጨዋታዎቿን አሸንፋ ማለፏን አስቀድማ አረጋግጣለች።

ውጤቱ ደካማ ነው ብሎ መንግሥቱን መውቀስ ግን ይከብዳል፤ ኢትዮጵያ ለውድድሩ ዳግመኛ ያለፈችው ከ31 ዓመት በኋላ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ነው።