ካሜራው የት ነው የቆመው?

እህቴ፣ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱት የሕንፃ ፎቶዎች ሰው እንኳ የለባቸውም፤ ስለ መደብ ልዩነት ምን ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ላልሽው፣ አርክቴክቸር ሳስተምር ለተማሪዎቼ ሁሌ የማሳየው የስኮትላንዷን ከተማ የግላስጎውን ፎቶ አንሺ ቶማስ አናንን ስለሆነ በእሱ ልመልስልሽ።

በ1866 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የወጣው የከተማ ማሻሻያ ሕግ የተፋፈጉትን አሮጌ ሰፈሮች ለማፍረስ የታሰበ ነበር። አናን ከ1868 እስከ 1871 የድሆቹን ጠባብ መተላለፊያዎች ያነሳው በዚህ ሥራ ኃላፊዎች ትእዛዝ ነው። በ1870 ደግሞ የድሮ ባለጸጎችን የገጠር ቤቶች የያዘ አልበም ወጣ፤ 100ውም ፎቶ የእሱ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊያቸው። የባለጸጋው ቤት ከነዛፉ፣ ከነሣሩ፣ ከነሰማዩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ አናን ወደ ኋላ የሚያፈገፍግበት መሬት ነበረዋ! ድሆቹ ጋ ግን ካሜራው በሁለት ግንብ መሀል ተወትፏል። ሰማዩ ከላይ እንደ ስንጥቅ ነው፣ መሬቱ ላይ እጣቢ የሚወርድበት ቦይ አለ፣ ከመስኮት በወጡ እንጨቶች ላይ ልብስ ተሰጥቷል። እኔን ከግንቡ ይልቅ የሚይዘኝ ይኸው ልብስ ነው። ግቢ ያለው ሰው መተላለፊያ ላይ አያሰጣም። ደግሞም «ለጤና አይሆንም፣ ይፍረስ» በተባለ ሰፈር አንዲት እናት ውሃ ተሸክማ ደረጃ ወጥታ አጥባለች ማለት ነው።

የፎቶዎቹን ርዕስም አትለፊው። ቪላዎቹ ስም አላቸው፣ የባለቤቶቹም የዘር ሐረግ አብሮ ተጽፏል። የድሆቹ «ሃይ ስትሪት፣ ቁጥር 118» ነው፤ በቃ።

ሰው የለባቸውም ያልሽውን ግን አልቀበልም። በጊዜው ምስሉ የሚቀረጽበት፣ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ የተቀባ መስታወት በዚያ ጨለማ ውስጥ ብዙ ሰከንድ ክፍት መቆየት ስለነበረበት፣ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ምስሉን አጉልተሽ በሮቹን ፈትሺ፤ ፊቱ የጠፋ ልጅ አታጪም። ባዶ ጎዳና ስታዪ ሰው አልነበረም ብለሽ እንዳትጽፊ።

አናንን የድሃ ጠበቃ የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። የታዘዘውን ነው የሠራው፣ አሳምሮ ሠራው እንጂ። በሌላ በኩል ከቪላዎቹ ብዙዎቹ የትምባሆና የስኳር ነጋዴዎች ነበሩ፤ ያ ሀብት አትላንቲክ ማዶ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት ነው። ይሄንን የትኛውም የቤት ፎቶ አያሳይሽም፣ ከሌላ ሰነድ ማምጣት አለብሽ።

የመተላለፊያዎቹን ምስሎች በስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ታገኛቸዋለሽ። የፓሪሱ ፎቶ አንሺ ሻርል ማርቪልም፣ ከተማዋን እንደ አዲስ ያስገነባው ባለሥልጣን ኦስማን ሊያፈርሳቸው የነበሩትን መንገዶች ለከተማው አስተዳደር አንስቷል፤ ለማነጻጸር ይጠቅምሻል፣ ግን ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግላስጎው ብቻውን ይበቃሻል።