መልስ፦ የአውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮች ከጠፉ ለምን ውሃ ላይ ያርፋል?

«ወደ ተነሳበት ኤርፖርት ለምን አይመለስም? ውሃስ ለስላሳ አይደል?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሁለተኛው ልጀምር።

አውሮፕላን በሚያርፍበት ፍጥነት ውሃ በጭራሽ ለስላሳ አይደለም። አንድ ክንፍ ቀድሞ ከነካ አውሮፕላኑን ጠምዝዞ ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ተጠልፎ ነዳጅ የጨረሰው የኢትዮጵያ ቦይንግ 767 ኮሞሮስ ዳርቻ ላይ የገጠመው ይኸው ነው። የግራ ክንፉ ቀድሞ ውሃውን መታ። ከ175 ሰዎች የተረፉት 50 ናቸው። ከሞቱት መካከል የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ የነፉ ነበሩ። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው። እባክህ ይህን አትርሳ፤ ጃኬት የሚነፋው ከአውሮፕላኑ ስትወጣ ብቻ ነው።

ወደ መመለሱ ስንመጣ፣ ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ ዱብ አይልም። እየተንሸራተተ ይወርዳል። መዞር ግን ብዙ ከፍታ ይበላል። እ.ኤ.አ. ጥር 2009 ኒውዮርክ ውስጥ ከላጋርዲያ ኤርፖርት የተነሳው ኤርባስ ኤ320 ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል ሲያጡ ከፍታው 850 ሜትር ገደማ ነበር። ካፒቴን ሰለንበርገር ሃድሰን ወንዝን መረጠ። ክንፎቹን አስተካክሎ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ አሳረፈው። ጀልባዎችም ቶሎ ደረሱ፤ 155ቱም ተረፉ።

«መመለስ ይችል ነበር» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በኋላ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል መሣሪያ) ሲሞከር፣ ወዲያው ከዞሩት አንዳንዶቹ ኤርፖርት ደርሰዋል። ሁኔታውን ለመረዳት 35 ሰከንድ ሲጨመር ግን ላጋርዲያ መድረስ አልተቻለም።